የእንጦጦው ውድድር ለሚያዝያ አይደርስም፤ የግቢው ግን ይደርሳል

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ። ከባልደረቦቼ ጋር ሆነን በሚያዝያ ወር ለ120 ተማሪዎች በእንጦጦ ጫካ የኦሪየንቲሪንግ ውድድር ልናዘጋጅ ነው። ስድስት ሳምንት ቀርቶናል። ከኢንተርኔት የሳተላይት ምስል አትመን 15 ጣቢያ ምልክት አድርገንበታል። መስመሩ 5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለሁሉም አንድ ነው። በቀላሉ እንዳይገኙ ጣቢያዎቹን በቋጥኝ ሥርና በቁጥቋጦ ውስጥ እንደብቃለን። ሁሉም በአንድ ፊሽካ ይነሳል። ስዊድን ያለ ዘመድ 20 ኮምፓስ ልኮልናል። የጎደለን ነገር አለ?»

አለ። የጎደለው ደግሞ ዋናው ነገር ነው፤ ካርታው። ያተማችሁት የሳተላይት ምስል ነው። ኦሪየንቲሪንግ ካርታና ኮምፓስ ይዞ፣ ጣቢያ የሚባሉ ምልክት የተሰቀለባቸውን ቦታዎች እያገኙ የመሮጥ ስፖርት ነው፤ ተወዳዳሪው የሚሮጠው እያነበበ ነው። የሚያነበው ነገር መሬት ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ውድድሩ የዕድል ጉዳይ ይሆናል።

የሳተላይት ምስል የሚያሳየው የዛፉን አናት ነው። ተማሪው ግን የሚሮጠው ከዛፉ ሥር ነው። እሱ የሚያገኘው ቦረቦሩን፣ ቋጥኙን፣ ቀጭኑን የእግር መንገድ፣ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ነው። ባህር ዛፍ በበዛበት ቦታ እነዚህ ሁሉ ከላይ ሲታዩ አንድ አረንጓዴ ምንጣፍ ናቸው። ሦስት ሜትር ጥልቀት ያለው ቦረቦር ሰው ዘሎ የማያልፈው ነው፤ ምስሉ ላይ ግን የለም።

የኦሪየንቲሪንግ ካርታ የራሱ ቋንቋ አለው፤ በየትም አገር አንድ ነው። ቡናማ የመሬቱን ቅርጽ ያሳያል፤ ማለትም ኮንቱር መስመሮችን (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን)፣ ቦረቦርና ጉብታን። ሰማያዊ ውሃ ነው። ጥቁር ድንጋይ፣ መንገድና ሰው የሠራው ነገር ነው። ቢጫ ሜዳ ነው። ነጭ ባዶ ቦታ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፤ ነጭ ግን በደንብ የሚያስሮጥ ጫካ ነው። አረንጓዴው እየጠቆረ በሄደ ቁጥር ጫካው ለሯጭ እየከበደ ይሄዳል። የውድድሩ መስመር በላዩ ላይ በሐምራዊ ይታተማል። ስለዚህ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ አይሠራም፤ ቀለሙ ራሱ መረጃ ነው።

ስኬሉም፣ ማለትም ካርታው መሬቱን ስንት እጥፍ እንዳሳነሰ የሚነግረው ልክ፣ ተራ ጉዳይ አይደለም። ለጫካ ውድድር የዓለም አቀፉ መደበኛ ስኬል 1:15,000 ነው። ለአጫጭር ውድድሮች፣ ለልጆችና ለአዛውንቶች ወደ 1:10,000 ይሰፋል። ኮንቱር መስመሮቹ ብዙ ጊዜ በየ5 ሜትሩ ናቸው። ለከተማ ሩጫ 1:4,000 ነው። ምናልባት «የመንግሥት የ1:50,000 ካርታ ብንጠቀምስ?» ትሉ ይሆናል። እዚያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 50 ሜትር ነው። እናንተ ጣቢያ የምትሰቅሉበት ቋጥኝ ጭራሽ አይወጣበትም። ከሳተላይት የተለካ የከፍታ መረጃም በነፃ ይገኛል። ግን በየ30 ሜትሩ የተለካ ስለሆነ ትልቁን ሸንተረር እንጂ ትንሿን ቦረቦር አያውቃትም። ለመነሻ ጥሩ ነው። የመጨረሻው ሥራ ግን በእግር ነው፤ ሰው ሜትር በሜትር እየዞረ ይስለዋል። ልምድ ያለው ሰው እንኳ ለአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ጫካ ብዙ ቀናት ይፈጅበታል።

የእንጦጦ ጫካ ደግሞ ለካርታ ሠሪ ከባድ ነው። ባህር ዛፉ ይቆረጣል፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰው የማያሳልፍ ጥቅጥቅ ያለ ይሆናል። ዘንድሮ ነጭ ያላችሁት ከርሞ አረንጓዴ ነው። መንገዶቹም አሉ። እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ እናቶች ለብዙ ዘመን የረገጧቸው ቀጫጭን መንገዶች በየጥቂት እርምጃው ይገነጠሉና መልሰው ይገናኛሉ። ሁሉንም ከሳላችኋቸው ካርታው የሸረሪት ድር ይሆናል። ጥቂቱን ብቻ ከሳላችሁ ደግሞ ተማሪው «ይሄኛው ነው ወይስ ያኛው?» እያለ ይቆማል። መልሱ ግልጽ የሆኑትንና የማይጠፉትን ብቻ መሳልና ጣቢያ በመንገድ መገንጠያ ላይ አለማስቀመጥ ነው። ጣቢያ የሚቀመጠው በማይነቃነቅ ነገር ላይ ነው፤ በቋጥኝ፣ በቦረቦር መነሻ፣ በአጥር ማዕዘን።

ወደ መደበቁ ልምጣ። ይህን ስህተት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ሐሳቡ ከየት እንደሚመጣም ይገባኛል። ሰው ኦሪየንቲሪንግን እንደ ድብብቆሽ ያስበዋል። አይደለም። ጨዋታው ያለው ቦታው ላይ እስኪደረስ ነው። ተማሪው ካርታውን አንብቦ ትክክለኛው ቋጥኝ ጋ ከደረሰ፣ ነጭና ብርቱካናማው 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ባንዲራ ሊታየው ይገባል። ቁጥቋጦ ውስጥ ከደበቃችሁት ካርታ የማያነብ ልጅ በአጋጣሚ ይረግጠዋል። ጎበዟ ልጅ ደግሞ ሁለት ሜትር አጠገቡ ቆማ አምስት ደቂቃ ታጣለች። ከዚያም የባሰ አለ። አንዷ ስታገኘው ሌሎቹ እሷን አይተው ይሮጣሉ። ያኔ ውድድሩ ካርታ የማንበብ መሆኑ ይቀራል።

አሁን ወደ መስመር አወጣጡ። 15 ቦታ መርጣችሁ በመስመር አገናኝታችኋል። አሠራሩ ግን ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ የሚመረጠው ከአንዱ ጣቢያ ወደ ቀጣዩ ያለው ጉዞ ነው። ጣቢያው የጉዞው መጨረሻ ብቻ ነው። አንድ ጥሩ ጉዞ ምን እንደሚመስል በቁጥር ላሳያችሁ። ሁለት ጣቢያዎች አሉ እንበል። በመካከላቸው ጥልቅ ቦረቦር አለ። ቀጥታው 400 ሜትር ነው፤ ግን 25 ሜትር ወርዶ 25 ሜትር መውጣት አለበት። በላይ በኩል ደግሞ ቦረቦሩ ከሚጀምርበት ቦታ የሚዞር መንገድ አለ፤ 650 ሜትር፣ ሜዳማ። በእኛ ሥራ የተለመደ ግምት አለ፤ 10 ሜትር ዳገት 100 ሜትር ሜዳ ያህል ጊዜ ይወስዳል። ቀጥታው እንግዲህ 400 እና 250፣ በድምሩ 650 መሆኑ ነው። ሁለቱ እኩል ሆኑ! አሁን ተማሪው መወሰን አለበት። እግሩ ጠንካራ ከሆነ ቀጥ ይላል፤ መንገድ ላይ ፈጣን ከሆነ ይዞራል። ይህን የመሰለ ሁለትና ሦስት ጉዞ ያለው መስመር፣ 15 ባዶ ነጥብ ካለው ይበልጣል። የቀረው ጉዞ አጭርና ቀላል ቢሆንም ችግር የለውም።

የመጀመሪያው ጣቢያ ቀላል ይሁን። ልጁ ከካርታው ጋር የሚተዋወቅበት ነው። እዚያ ከጠፋ ሞራሉ ይወድቃል፤ የቀረውን አይደሰትበትም። ለጀማሪዎች እያንዳንዱ ጉዞ የሚመራቸው ነገር ይኑረው፤ መንገድ፣ አጥር፣ ቦይ። ከጣቢያው ባሻገር ደግሞ ካለፉት የሚያስቆማቸው ግልጽ ነገር ይኑር። ከዚህ ሌላ በመጡበት የሚመልስ ጣቢያ እንዳይኖር ተጠንቀቁ። ተማሪው ጣቢያውን አግኝቶ በመጣበት ሲመለስ ከፊቱ የሚመጣውን ያገኘዋል፤ ሳይናገር መንገዱን ነገረው ማለት ነው። ጣቢያዎችን ማቀራረብም ያሳስታል። የዓለም አቀፉ ሕግ በጫካ ካርታ ላይ ሁለት ጣቢያ ከ30 ሜትር በታች እንዳይቀራረብ ይከለክላል። ተመሳሳይ ነገር ላይ ከሆኑ ደግሞ 60 ሜትር ይላል።

ስለ መመሳሰል ካነሳሁ፣ የራሴን ልንገራችሁ። ስዊድን ውስጥ ለአንድ ክለብ መስመር አውጥቼ ነበር። አንድ ጣቢያ ቋጥኝ ላይ ነበር። በ40 ሜትር ርቀት ሌላ ቋጥኝ አለ፤ ቁመቱም ቅርጹም ያው ነው። ጠዋት በጭጋግ ውስጥ ባንዲራውን የሰቀልኩት በሌላኛው ላይ ነው። ሰው እንዲያጣራልኝ አልጠየቅኩም፤ ቦታውን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሯጮች ደርሰው ቋጥኙን ዞሩት፤ ምንም የለም። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ትክክለኛው ቋጥኝ ላይ ቆማ ካርታዋን ስታገላብጥ አየኋት። ልክ ነበረች። እኔ ነበርኩ የተሳሳትኩት። የዚያ ምድብ ውጤት ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አልጣስኩም። መስመር ያወጣው ሰው በየቦታው ትንሽ ሪባን ያስራል። ሌላ ሰው፣ ካርታውን ብቻ ይዞ፣ ምንም ሳይነገረው ሄዶ ያገኘዋል። ካላገኘው፣ ወይም «ሪባኑ እዚህ ነው፣ ካርታው ግን እዚያ ይላል» ካለ፣ ጣቢያው ይቀየራል። ክርክር የለም። በ1:10,000 ካርታ 1 ሚሊ ሜትር 10 ሜትር ነው። ካርታው ላይ ጣቢያውን የሚያሳየው ክብ መሃሉ ትንሽ ከሸሸ ልጁ የሚደርሰው ሌላ ቦታ ነው።

ርዝመቱን ተሳስታችኋል። በዚህ ስፖርት የመስመር ርዝመት የሚለካው ከጣቢያ ጣቢያ ቀጥታ ነው። ማንም ግን ቀጥታ አይሮጥም። 5 ኪሎ ሜትር ያላችሁት እግር ላይ ሲደርስ 6 ወይም 7 ይሆናል። ዳገት ጨምሩበት፤ እንጦጦ ላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናችሁ። ዓለም አቀፉ ሕግ ጠቅላላ ዳገቱ ከሚያስኬደው አጭር መንገድ ርዝመት በተለምዶ 4 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ለ5 ኪሎ ሜትር 200 ሜትር ማለት ነው። ካርታ ይዞ የማያውቅ ልጅ በዚህ መስመር ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ከርዝመት አትነሱ፤ ከጊዜ ተነሱ። ጀማሪው በ30 እና በ45 ደቂቃ መካከል ይጨርስ። ለዚህ ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ሜትር በቂ ነው፤ ከ8 እስከ 10 ጣቢያ። አትሌቲክስ ቡድናችሁ ውስጥ ጠንካራ ሯጮች ካሉ ለነሱ ረዘም ያለ፣ የምርጫ ጉዞ የበዛበት መስመር አውጡ። ለሁሉም አንድ መስመር ማለት ግማሹን ማሰልቸት፣ ግማሹን ማስፈራራት ነው።

አንድ ፊሽካም አይሆንም። 120 ልጅ አብሮ ከተነሳ 119ኙ የፊተኛውን ጀርባ ነው የሚያነበው። ሦስት መስመር አውጡና 40፣ 40 አድርጋችሁ ክፈሏቸው። በየደቂቃው ከየመስመሩ አንድ አንድ ይነሳ። በ40 ደቂቃ ሁሉም ተነስቶ ያልቃል። ለጣቢያ መለያ ከ31 ጀምሮ ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ ከጣቢያ ተራ ቁጥር ጋር እንዳይምታታ ነው። ኤሌክትሮኒክ መመዝገቢያ አያስፈልጋችሁም። በየጣቢያው የተለያየ ቀለም ያለው ከለር እርሳስ በገመድ እሰሩ፤ ልጁ ካርዱ ላይ ይጭራል፣ አለቀ።

ስለ ኮምፓሱ ደግሞ የምነግራችሁ ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። የምድር መግነጢስ መርፌውን ወደ ሰሜን ብቻ አይስበውም፤ ወደ ታችም ይስበዋል። ስዊድን ውስጥ ይህ የቁልቁል ስበት ብርቱ ነው። ስለዚህ ለሰሜን አውሮፓ የሚሠራ ኮምፓስ መርፌው እንዲመጣጠን በደቡብ ጫፉ በኩል ክብደት ይደረግበታል። አዲስ አበባ ግን የመግነጢስ ወገብ አጠገብ ናት። እዚህ የቁልቁሉ ስበት ከምንም አይቆጠርም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ በ1950 ዓ.ም. ገደማ እዚህ ሲቋቋም ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነበር። ዘመዳችሁ የላከው ኮምፓስ እዚህ ሲመጣ የሚመጣጠንበት ስበት ስለሌለ ደቡብ ጫፉ ይዘቀዝቃል፤ የማቀፊያውን ወለል እየነካ ሊያዝ ይችላል። ልጁ አቅጣጫ አየሁ ብሎ ይሮጣል፤ መርፌው ግን ተጣብቋል። ፈተናው ቀላል ነው። ኮምፓሱን መዳፋችሁ ላይ ለጥ አድርጋችሁ ያዙት። ቀስ እያላችሁ ዙሩ። መርፌው ሳይነካካ ሰሜንን ይዞ ከቀረ ደህና ነው። ከተንቀረፈፈ ወይም ከናንተ ጋር ከዞረ ለውድድር አይሆንም። ስትገዙ ለምድር ወገብ አካባቢ የተስተካከለ ወይም በየትም አገር የሚሠራ መርፌ ያለው ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው ደግሞ የሰሜን መስመሮች ናቸው። የኦሪየንቲሪንግ ካርታ የሚሳለው በመግነጢሱ ሰሜን ነው። የሳተላይት ምስል ግን እውነተኛውን ሰሜን ይዞ ነው። አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ 3 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በየዓመቱም ጥቂት ይለወጣል። ትንሽ ይመስላል፤ በ500 ሜትር ግን 26 ሜትር ያስታል።

ደህንነቱን በአጭሩ። የእንጦጦ ሸንተረር ውሃ የሚካፈልበት ነው። በስተ ደቡብ የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በስተ ሰሜን የወረደው ወደ ዓባይ። ለልጅም እንደዚሁ ነው። በደቡቡ በኩል የጠፋ ልጅ ቁልቁል ከወረደ ከተማ ይገባል። በሰሜኑ በኩል ቁልቁል ከወረደ ከናንተ እየራቀ ነው። መቼም ቢሆን ከሸንተረሩ ወደ ሰሜን ጣቢያ አታስቀምጡ። የአብያተ ክርስቲያናቱ ግቢ ካርታው ላይ የተከለከለ ተብሎ ይሳል። ጀማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፤ ፊሽካ ይያዙ። የመዝጊያ ሰዓት ይኑር፤ የጨረሰም ያልጨረሰም በዚያ ሰዓት ይመለሳል። የተነሳውን ስም በስም የሚቆጥር አንድ ሰው ይመደብ፤ ሌላ ሥራ አይሰጠው። ቀን ሳለ ይለቅ፤ ሲመሽ ጅብ አለ። ከጫካው አስተዳደር፣ ከወረዳውና ከፖሊስ አስቀድማችሁ ፈቃድ ያዙ። ድሮን ለማስነሳት የሚያስብ ካለ፣ ያለ ፈቃድ እንዳይሞክረው።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ሚያዝያ ላይ እንጦጦን ተዉት። በስድስት ሳምንት የጫካ ካርታ አይደርስም፤ ያለ ካርታ ደግሞ 120 ልጅ ጫካ አይለቀቅም። ውድድሩን በግቢያችሁ አድርጉት። በሳተላይት ምስሉ አትናደዱ፤ ለግቢ ካርታ ጥሩ መነሻ ነው። ኦፕን ኦሪየንቲሪንግ ማፐር የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። ምስሉን ከሥር አስገቡና ሕንፃውን፣ አጥሩን፣ ሜዳውን፣ ዛፉን፣ ደረጃውን በላዩ ሳሉ። ከዚያ ምስሉን አጥፉት፤ የሳላችሁትን አትማችሁ ግቢውን ዙሩት። የተቆለፈ በር አለ? አዲስ የታጠረ ቦታ አለ? የማይታለፍ ግንብ በወፍራም ጥቁር መስመር ይሳል፤ የከተማ ሩጫ ሁሉ የሚፈተነው እዚያ ነው። ስኬሉ 1:2,000 ይሁን። አንድ ኤ4 ወረቀት 420 በ590 ሜትር ገደማ ስለሚይዝ ግቢያችሁ ይበቃዋል። ሁለት ሳምንት ለካርታው ስጡ፣ አንድ ሳምንት ለመስመሩና ለሪባኑ። ለመስመር ማውጫ ፐርፕል ፔን አለ፤ እሱም ነፃ ነው።

በቀሩት ሦስት ሳምንታት ልጆቹን አሠልጥኗቸው። የምመርጠው የኮከብ ልምምድ ነው። መምህሩ መሃል ይቆማል። ልጁ ወደ አንድ ጣቢያ ሄዶ ይመለሳል፣ ካርዱን ያሳያል፣ ሌላ ይሰጠዋል። ከመምህሩ የሚርቀው ለሁለትና ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ማን ካርታውን ገልብጦ እንደያዘ ወዲያው ይታያል። ካርታው ሁልጊዜ ከመሬቱ ጋር ይዞር፤ ልጁ ሲታጠፍ ካርታው እጁ ላይ ይዙር። ይህን አንድ ልማድ ከያዙ ግማሹን ተምረዋል። አንድ ሰው ደግሞ «ቀትር ላይ ፀሐይ በደቡብ ናት» ብሎ ከአውሮፓ መጽሐፍ ያስተማራቸው ካለ አርሙት። አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት።

እንጦጦን ለኅዳር ያዙት። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ይደርቃል። ከሸንተረሩ በስተ ደቡብ፣ ሁለት ጎኑ በመንገድ የተዘጋ፣ ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ምረጡ። በመስከረምና በጥቅምት ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጣችሁ ሳሉት። ከግቢው ውድድር ጎልተው የወጡትን አራት አምስት ልጆች ይዛችሁ ውጡ፤ ካርታ መሳል ካርታ ማንበብን እንደሚያስተምር አይቻለሁ።

ሚያዝያ ላይ ካርታውን ለማሳተም ስትሄዱ ማስመሪያ ያዙ። አታሚው ወረቀቱን «እንዲሞላ» ብሎ ስኬሉን ሳያውቅ ሊለውጠው ይችላል። በ1:2,000 ላይ 100 ሜትር ልክ 5 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። 4.8 ከመጣ እዚያው ቆማችሁ አሳርሙ፤ 120ውን ሳያትም።